ድብን በማማለያ መጠበቅ ወይስ በእግር መጠጋት?
የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

የመስከረም የድብ አደን ሲቃረብ ከአሜሪካ የደረሱን በርካታ ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ፣ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ አዘጋጅ፣ የምኖረው በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ ነው። በልጅነቴ ከአያቴ ጋር ቆላ ወርጄ ቆቅና ጅግራ ከማደን በቀር ሌላ ልምድ የለኝም። አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ባልደረቦቼ በመጪው መስከረም መግቢያ ለጥቁር ድብ አደን ወደ ሰሜን አብሬያቸው እንድሄድ ጋብዘውኛል። አንደኛው ከነሐሴ ጀምሮ በጫካ ውስጥ በበርሜል ዶናትና አጃ እያስቀመጠ፣ ወቅቱ ሲከፈት ማማ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ሁለተኛው ግን ይህ ማታለል እንጂ አደን አይደለም፣ ወንድ ከሆንህ በእግርህ ሄደህ ፈልገህ አግኘው ይለኛል። ለጀማሪ የሚሻለው የትኛው ነው? በሕሊና ረገድስ የሚያስነቅፈው የትኛው ነው?»

መልስ፦ ሁለተኛው ባልደረባዎ ነገሩን የወንድነት መለኪያ ማድረጉ ዋናውን ቁም ነገር ያስታል። ከሁለቱ መንገዶች የሚሻለውን የሚወስነው በመጀመሪያ መሬቱ ነው፤ ቀጥሎም አዳኙ ምላጭ ከመሳቡ በፊት እንስሳውን አይቶ ለመለየት የሚያገኘው ጊዜ ነው። በሁለቱም መመዘኛ፣ በሰሜን ሚኒሶታ ደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድን ሰው በማማለያ፣ ማለትም ድቡን እንዲስብ በተቀመጠ ምግብ አጠገብ፣ መጠበቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሮ ጥቁር ድብ የበረዶውን ወራት በጎሬው ተኝቶ ለማሳለፍ የሚያስፈልገውን ስብ ያከማቻል። በዚህ ጊዜ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊመገብ፣ እስከ 20,000 ካሎሪም ሊወስድ ይችላል። የሚሄደውም ምግቡ ወዳለበት ብቻ ነው፤ በበጋው ብሉቤሪና ራዝቤሪ ወደሚገኝበት ገላጣ፣ ከዚያ ቾክቼሪና ሃዝልነት ወደሚያፈራው ቁጥቋጦ፣ በመጨረሻም የኦክ ፍሬ ወደሚረግፍበት ደን። ማማለያ የሚያስቀምጠው አዳኝም ሆነ በእግሩ የሚከታተለው አዳኝ የሚተማመኑት በዚሁ ረሃብ ላይ ነው። ልዩነታቸው አንደኛው ምግቡን ራሱ ሲያቀርብ፣ ሌላው ተፈጥሮ ያቀረበችውን ፈልጎ ማግኘቱ ነው።

በሚኒሶታ የአደኑ ወቅት የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን ሲሆን፣ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ይዘልቃል። ማማለያ ማስቀመጥ የሚፈቀደው ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ እኛ ፍልሰታን በምንጾምበት ሱባዔ ለድቡ የዶናት ግብዣ ይዘረጋለታል ማለት ነው። ይህ ሥራ ግን በዘፈቀደ የሚከናወን አይደለም። ምግቡ የሚቀመጥበት ቦታ በግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት መመዝገብ፣ በቦታውም ላይ ባለቤቱን የሚያሳውቅ ምልክት መሰቀል አለበት። ፕላስቲክ፣ ጣሳና ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ቆሻሻ ማስቀመጥ ክልክል ነው። በዋናው የድብ ቀጠና ለማደን ፈቃዱ የሚገኘው በዕጣ ሲሆን፣ ማመልከቻው የሚገባው በጸደይ፣ እስከ ሜይ መጀመሪያ ነው። ዕጣው ካመለጠዎ ከዋናው ቀጠና ዳር ያሉት ያለ ዕጣ ፈቃድ የሚሸጥባቸው አካባቢዎች አሉ። የተወለዱት ከ1979 ማብቂያ በኋላ ከሆነ የጦር መሣሪያ ደኅንነት ትምህርት ወስደው የምስክር ወረቀት ማግኘት ይጠበቅብዎታል። ባልደረባዎ ይህን ሁሉ ያሟላ መሆኑን ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁት፤ በእርሱ ማማለያ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ከሆኑ የእርሱ ጥፋት ለእርስዎም ይተርፋል።

አሁን ወደ ማማው እንውጣ። የተለመደው ማማለያ 200 ሊትር ያህል የሚይዝ የብረት በርሜል በሰንሰለት ከዛፍ ጋር ታስሮ፣ በጎኑ ላይ የድብ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ ውስጡ ያደረ ዳቦና ኬክ፣ አጃ ከሞላሰስ ጋር ተለውሶ የሚቀመጥበት ነው። ብዙዎች ያገለገለ የምግብ ቤት ዘይት በበርሜሉ ዙሪያ መሬቱ ላይ ያፈሳሉ፤ ድቡ ረግጦት ሲሄድ ሽታውን በመዳፉ ይዞ በጫካው ያዳርሰዋል፣ ሌሎች ድቦችም ዱካውን ይዘው ይመጣሉ። ማማው ከበርሜሉ ከ15 እስከ 25 ሜትር ርቆ፣ ምሽት ላይ ነፋሱ ከበርሜሉ ወደ አዳኙ በሚነፍስበት አቅጣጫ ይሠራል።

የበርሜሉ ትልቁ ጥቅም ግን ምግብ መያዙ አይመስለኝም። በርሜል መለኪያ ነው። ቁመቱ 88 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በአራት እግሩ ቆሞ ጀርባው ከበርሜሉ አናት ጋር የሚስተካከል ድብ ትልቅ ነው፤ ጀርባው ከግማሹ ትንሽ ከፍ የሚል ከሆነ የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ጫካ ውስጥ ብቻውን የቆመ ጥቁር ድብ ሁልጊዜ ከሚመዝነው በላይ ግዙፍ መስሎ ይታያል፤ በመጀመሪያ አደናቸው ትንሽ ድብ ገድለው የሚያዝኑ ሰዎች የሚበዙትም ስለዚህ ነው። ጆሮውንም ይመልከቱ፦ በጎልማሳ ወንድ ላይ ጆሮዎቹ ትንንሽና የተራራቁ ሆነው በሰፊው ጭንቅላት ግራና ቀኝ የተለጠፉ ይመስላሉ፤ በወጣቱ ላይ ደግሞ ረጃጅምና ተቀራርበው የቆሙ ናቸው። እንስቷ ከወንዱ ይልቅ ቀጠን ያለ ፊት አላት።

ከሁሉ በላይ ማማው የሚሰጥዎ ጊዜ ነው። እንስት ድብ ወደ ማማለያ ስትቀርብ ግልገሎቿን ከኋላዋ ጥሻ ውስጥ ትታ፣ ወይም ዛፍ ላይ እንዲወጡ አድርጋ ብቻዋን ልትገለጥ ትችላለች። ግልገሎቹ የተወለዱት በጃንዋሪ ነው፤ ከእናታቸው ጋር የሚቆዩት እስከ ሁለተኛው በጋ መግቢያ ድረስ ስለሆነ በመስከረም ገና የእርሷ ጥገኞች ናቸው። በሚኒሶታ ግልገል መግደል በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በሌሎች ብዙ ግዛቶች ግልገል የምታስከትል እናትንም መግደል ወንጀል ነው። ስለዚህ ድብ እንደ ታየዎ ጠመንጃውን አያንሱ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲበላ ይተዉት፤ ወደ ኋላው ደጋግሞ ያይ እንደሆነ፣ በዛፎቹ ላይ የጥፍር ጭረት ይሰማ እንደሆነ ያስተውሉ። በእግርዎ ሄደው በ30 ሜትር ርቀት ቅጠል ለቅጠል ተጋርዶ የቆመ የድብ ወርች ብቻ ያዩ ጊዜ ይህን ዕድል ከየት ያመጡታል? በመስከረም መግቢያ የሰሜኑ ደን ቅጠሉ ገና አልረገፈም፤ ድቡ ኮቴዎን ከሰማ ወይም ሽታዎን ካገኘ ሳያዩት ይጠፋል፣ ካልጠፋም የሚያገኙት ግማሽ አካል የሚታይበት የሦስት ሰከንድ ፋታ ነው። ከዚያ ፋታ የሚወለደው የቆሰለና የጠፋ ድብ ነው።

መቁሰል ስል፣ ድብ ሲመታ እንደ አጋዘን ደም እየረጨ አይሄድም። ወፍራሙ ስብ የጥይቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ጥቅጥቁ ፀጉር ደሙን ይመጠዋል፤ አንድ መቶ ሜትር ሙሉ አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ላትገኝ ትችላለች። ስለዚህ መተኮስ ያለብዎ ጎኑን ሰጥቶ ወይም ፊቱን ጥቂት ከእርስዎ አዙሮ ሲቆም፣ በእርስዎ በኩል ያለው የፊት እግሩም ወደ ፊት ሲራመድ ብቻ ነው፤ ዓላማውም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ልብና ሳንባ ያሉበት ሥፍራ ነው። ፊት ለፊት ወደ እርስዎ የሚያይ ድብ ላይ አይተኮስም። በ20 ሜትር ርቀት፣ ጠመንጃው በማማው መደገፊያ ላይ አርፎ ይህን ማሟላት ለጀማሪም ይቻላል።

በማማለያ ማደን እንደሚወራው ሄዶ መሰብሰብ ግን አይደለም። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የዱር ፍሬውን መጠን የሚያስጠናው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሃዝልነትና የኦክ ፍሬ በተትረፈረፈበት ዓመት ድቦቹ ዶናቱን ችላ ብለው ወደ ፍሬው ስለሚሄዱ የሚገደለው ቁጥር በጉልህ ይወርዳል። ፍሬ በጠፋበት ዓመት ደግሞ ይንራል። አብዛኛው ድብ የሚገደለውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ የኦክ ፍሬ ይረግፋል፣ የቀሩትም ድቦች ሌሊት ብቻ መምጣት ይለምዳሉ። ትልልቆቹ ወንዶች ደግሞ ከመጀመሪያውም ቢሆን የሚመጡት የመተኮሻው ሰዓት ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በርሜሉን ከሩቅ ዞረው ነፋሱን ካሸተቱ በኋላ ነው። ሦስትና አራት ሰዓት ትንኝ እየነደፈዎ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ የማይችሉ ከሆነ፣ ግብዣውን ባይቀበሉ ይሻላል።

ስለ ሕሊና የጠየቁትን በተመለከተ፣ «ማታለል» የሚለው ክስ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ነፋስ ለይቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየተደበቀ የሚጠጋውም አዳኝ እንስሳውን እያታለለ ነው። በማማለያ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጠንካራ ነቀፌታ ሌላ ነው፤ እርሱም ለሳምንታት የሚቀርበው ምግብ በእንስሳው አመጋገብና ጠባይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ይህን ከሲያትል ለጻፉልን አንባቢ በምሰጠው መልስ ውስጥ ያገኙታል። እርስዎን በዚህ ዓመት የሚያስነቅፍዎ ነገር ቢኖር፣ ሳይለዩ መተኮስና ያቆሰሉትን ሳይፈልጉ መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ «በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ ነዋሪ ነኝ። እዚህ ማማለያ ክልክል ነው ይባላል። ለምን ተከለከለ? ድቡን በእግር ተጠግቶ ለማደንስ ከየት መጀመር አለብኝ?»

መልስ፦ የኮሎራዶ መራጮች በ1992 ባደረጉት የሕዝብ ድምፅ፣ ወደ 70 በመቶ በሚጠጋ ድጋፍ፣ ድብን በማማለያ ማደንን፣ በውሻ ማሳደድንና የጸደዩን አደን በአንድነት ከልክለዋል። ኦሪገን በ1994፣ ዋሽንግተን በ1996 ማማለያንና ውሻን በተመሳሳይ መንገድ ከለከሉ። በሜይን ግን ጥያቄው በ2004 እና እንደገና በ2014 ለሕዝብ ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ ወድቋል፤ በሚሺጋንና በአይዳሆም በ1996 ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም።

ይህን መለያየት የከተሜና የባላገር ጠብ ብቻ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። መሬቱን ያየ ሰው ግን ሌላም ነገር ያስተውላል። ሜይን ከዳር እስከ ዳር ማለት በሚቻል መልኩ በደን የተሸፈነች ስትሆን፣ በዚያ ከሚገደለው ድብ አብዛኛው የሚገደለው በማማለያ ላይ ነው፤ እርሱ ቢከለከል ድቡን የሚያዩበት ሌላ መንገድ ጠባብ ነው። በኮሎራዶ በአንጻሩ ከአንድ ሸንተረር ላይ ሆነው የማዶውን ተዳፋት በመነጽር ማሰስ ይችላሉ። ለዚህም ይመስላል ከክልከላው በኋላ በኮሎራዶ የሚገደለው ድብ ቁጥር ያልቀነሰው።

የጠመንጃው የድብ ወቅት ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው። የሚጀምሩት ከእግርዎ ሳይሆን ከዓይንዎ ነው። ጋምቤል ኦክ የሚባለው አጭር የኦክ ቁጥቋጦ የሸፈነውን፣ ቾክቼሪና ሰርቪስቤሪ የሚበቅልበትን ተዳፋት ይምረጡ፤ ከእርሱ ትይዩ፣ ፀሐይ ከጀርባዎ የምትሆንበት ቦታ ላይ ይቀመጡ። በመስከረም ቀኑ ገና ሞቃት ስለሆነ ድቡ የሚመገበው ንጋት ላይና አመሻሹ ላይ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። በሩቅ ሲያዩ የድብ ቅርጽ አይፈልጉ፤ የሚንቀጠቀጥ ቁጥቋጦ ይፈልጉ። ድብ ፍሬ ሲበላ ቅርንጫፉን ወደ አፉ ጎትቶ ስለሚቀነጥሰው፣ ነፋስ በሌለበት አንድ ቁጥቋጦ ብቻውን ሲወዛወዝ ከታየዎ መነጽርዎን እዚያው ያቆዩት። በዚህ ግዛት ብዙዎቹ «ጥቁር» ድቦች ቡናማ ወይም ቀረፋ መልክ ያላቸው መሆናቸውንም አይርሱ።

ድቡ ከታየ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ብቻውን ነው ወይ? ነፋሱስ ወዴት ነው? የመጀመሪያውን ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ በኮሎራዶ ግልገል የምታስከትል እናትን መግደል ክልክል ነውና። ሁለተኛው አሳሳች ነው። በተራራ ላይ አየሩ ንጋት ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ፀሐይ ተዳፋቱን ካሞቀችው በኋላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲመሽ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ከላይ ወደ ታች፣ ምሽት ላይ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠጉት። አየሩ በሚገለበጥበት በዚያ መካከለኛ ሰዓት ከመንቀሳቀስ መቀመጥ ይሻላል። ድብ ዓይኑ ደካማ ነው የሚለው አባባል እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ እንቅስቃሴን ደኅና አድርጎ ያያል፣ አፍንጫው ግን ከዓይኑም ከጆሮውም ይበልጣል። አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ይራመዱ፣ ቀና ሲል እግርዎ ባለበት ይቁሙ። የበረሃ አዳኞቻችን «ሲግጥ ሂድ፣ ሲያይ ቁም» ብለው ሊያስተምሩ የሚችሉት ዓይነት ነገር ነው።

ከ100 ሜትር ወዲህ ካልደረሱ፣ ጠመንጃውን የሚያሳርፉበት ድንጋይ ወይም ግንድ ከሌለ፣ ወይም ድቡ ወድቆ ሊወጣ በማይችልበት ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ ይተዉት። የሚጠጉ ሰዎች ትልቁ ፈተና ብዙ ከደከሙ በኋላ መተው መቻል ነው፤ በማማ ላይ ያለው ሰው ነገም ያው ድብ ሊመጣለት ስለሚችል ይህ ፈተና ይቀልለታል። በጠመንጃ ሲያድኑ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ደማቅ ሰደርያና ቆብ መልበስ ግዴታ ነው፤ የገደሉትንም ድብ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ወስደው ለግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማስመርመር ይጠበቅብዎታል።

ጥያቄ፦ «አዳኝ አይደለሁም፤ ሲያትል እኖራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር በካስኬድ ተራሮች በእግር እጓዛለሁ። በሌሎች ግዛቶች ለድብ ቸኮላትና ዶናት እንደሚሰጥ ስሰማ ደነገጥሁ። ይህ እንስሳቱን አይጎዳም? ሰውንስ እንዲደፍሩ አያደርጋቸውም?»

መልስ፦ እመቤቴ፣ ድንጋጤዎ መሠረት አለው። በሴፕቴምበር 2014 በኒው ሃምፕሻየር አንድ ማማለያ አጠገብ አራት ድቦች፣ ሁለት እንስቶችና ሁለት ግልገሎች፣ ሞተው ተገኝተዋል። በቦታው ከ40 ኪሎ ግራም የማያንስ ቸኮላትና ዶናት ተቀምጦ ነበር፤ የገደላቸውም በቸኮላት ውስጥ የሚገኘው ቴዎብሮሚን የተባለው ንጥረ ነገር መሆኑ በምርመራ ተረጋገጠ። ውሻን የሚመርዘውም ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ግዛቱ ቸኮላትን ከማማለያ ከልክሏል። የተቀመጠው ምግብ ሕጋዊ የነበረ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል፤ ያስቀመጠው ሰው ያጠፋው ሕግ አልነበረም።

ከመመረዝ ይልቅ ሰፊው ጉዳይ ግን ብዛቱ ነው። በዊስኮንሲን ማማለያ ማስቀመጥ የሚፈቀደው ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ነው፤ ይህም ከአደኑ ወቅት ብዙ ወራት አስቀድሞ ማለት ነው። በዚያው ግዛት ሰሜናዊ ክፍል ተደርጎ በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከድቦቹ አመጋገብ ከ40 በመቶ የሚበልጠው ከአዳኞች ማማለያ የመጣ ነበር። እንዲህ ሲሆን ማማለያው የአደን ዘዴ መሆኑ ያበቃና የእንስሳት እርባታ ወደ መሆን ይጠጋል። በሚኒሶታ ያለው የሁለት ሳምንት ገደብና በዊስኮንሲን ያለው የወራት ፈቃድ በአንድ ስም መጠራታቸው ክርክሩን ያደናግረዋል። እኔ የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ ሁለተኛውን ለመከላከል ግን አቅም የለኝም።

ድፍረትን በተመለከተ ነገሩ እንደሚመስለው ቀጥተኛ አይደለም። የሐረር የጅብ አብላዎች በየምሽቱ በእጃቸው ሲያጎርሱ ጅቡ የሚለምደው ሰውየውን ነው፤ ምግቡ ከሰው እጅ ሲመጣ በዓይኑ ያያል። የጫካ ማማለያ ግን ከመኖሪያ ርቆ፣ ሰው በሌለበት ይገኛል፤ ድቡ ሰው መምጣቱን ካወቀ ይሸሻል እንጂ አይጠጋም። ድብን ከሰው ጋር የሚያላምደው በአብዛኛው በየመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ያለ ክዳን የሚቀመጠው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ የወፍ መመገቢያና በካምፕ የሚረሳ ምግብ ነው። እርስዎ በሚጓዙበት በዋሽንግተን ማማለያ ከ1996 ጀምሮ ስለተከለከለ ከልጆችዎ ጋር በርሜል ያጋጥመናል ብለው አይስጉ። የድብ አደን ግን ከኦገስት መጀመሪያ ጀምሮ ይፈቀዳል፤ አዳኞቹ የሚፈልጉትም ሃክልቤሪ የበሰለበትን ገላጣ ስለሆነ፣ እንዲህ ባለው ቦታ ስትጓዙ ልጆቹን ደማቅ ልብስ ያልብሷቸው።

ማማለያ ሌላም እንስሳ ይጠራል። በሴፕቴምበር 2007 በአይዳሆ በቢተርሩት ተራሮች ማማለያ ላይ የተቀመጠ አዳኝ ጥቁር ድብ መስሎት የገደለው ግሪዝሊ የተባለው ሌላ የድብ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ አካባቢ ከ1946 ወዲህ መኖሩ የተረጋገጠ የመጀመሪያው ግሪዝሊ ነበር። ቅርብ ርቀትና በቂ ጊዜ ይሰጣል ብዬ ያመሰገንሁት ዘዴ፣ የግሪዝሊን የትከሻ ጉብታ፣ ሰርጎድ ያለ ፊትና አጫጭር ክብ ጆሮ ለይቶ የማያውቅን ሰው አያድነውም።

ጥያቄ፦ «ድቡን ብገድልስ ሥጋውን ምን ላድርገው? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጓደኞቼ ግን እንደ ጥብስ ይበሉታል።»

መልስ፦ ይህን የጠየቁን አራት ሰዎች ናቸው፤ በእኔ ግምት ከማማለያና ከመጠጋት ክርክር ቀድሞ መመለስ የነበረበትም ይህ ነው። ድብ በመዳፉ የሚሄድ፣ የማያመሰኳ እንስሳ ስለሆነ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ርኩስ ከተባሉት ውስጥ ይገባል፤ በእስልምናም ባለ ክራንቻ አዳኝ አራዊት ሥጋቸው አይበላም። በብዙ ግዛቶች ደግሞ የሚበላ የአደን ሥጋን ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል፤ ኮሎራዶ አንዷ ናት። የሚያድኑት ከባልደረቦችዎ ጋር ከሆነና ሥጋውን የሚወስድ ሰው ከመተኮስዎ በፊት ከታወቀ ችግር የለም። የሚበላው ሰው ከሌለ ግን ለቆዳውና ለፎቶግራፉ ብለው ድብ አይግደሉ፤ ኖቬምበር ላይ አጋዘን ይጠብቁ።

ለሚበሉት የሚነገር ሁለት ነገር አለ። በመስከረም መግቢያ ቀኑ ሞቃት ነው፣ ድቡ ደግሞ ስብና ፀጉር ለብሷል፤ ምሽት ላይ የተገደለ ድብ ሳይገፈፍ ካደረ በወርቹ አጥንት ዙሪያ ያለው ሥጋ ይበላሻል። ስለዚህ ቢላዋ፣ የእጅ ባትሪና በረዶ የሞላ ሣጥን መኪናው ውስጥ ሳይኖር ወደ ማማው አይወጣም። በእግር ተጠግቶ ከመንገድ ሁለት ሰዓት ርቆ የገደለ ሰው ሥጋውን በጀርባው እየተሸከመ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አስቀድሞ ማስላት አለበት፤ በመጠጋትና በማማለያ መካከል ካሉት ልዩነቶች ሰዎች የሚዘነጉት ይህን ነው።

ሁለተኛው ትሪኪኔላ የተባለው ጥገኛ ትል ነው። በ2022 በሳውዝ ዳኮታ ለቤተ ዘመድ ግብዣ ከሦስት ግዛቶች የተሰበሰቡ ዘጠኝ ሰዎች፣ ከካናዳ ሳስካችዋን የመጣ የድብ ሥጋ በስለው ባልጨረሱ ቁርጥራጮች በመጠበሱ ስድስቱ ታመዋል። ሥጋው 45 ቀን በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ በሰሜን አራዊት ላይ የሚገኘው የትሉ ዝርያ ግን ቅዝቃዜን ይቋቋማል። ከታመሙት ሁለቱ ሥጋውን አልቀመሱም፤ የበሉት አብሮት የተጠበሰውን አትክልት ብቻ ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ስለሆነ በዓይን አይቶ በስሏል ማለት አይቻልም፤ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ በሥጋ ቴርሞሜትር መለካት አለበት። የድብ ሥጋን በጥሬው ለክትፎ፣ ወይም ለለብለብ እንዳያስቡት፤ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያም ለሌላ ምግብ ከመዋሉ በፊት በፈላ ውኃና በሳሙና ይታጠብ።